የጠበቅነውን ውሃ እንዴት እንድፋ?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ከደሴ ወደ ድሬዳዋ የመጣነው በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ነው። ገንደ ቆሬ ቤት ተከራይተናል፤ በግቢው ውስጥ ሌሎች ሦስት ቤተሰቦች አሉ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በስምንት ቀን አንዴ፣ እሱም ሌሊት። ሁለት በርሜልና ስድስት ጀሪካን ሞልተን እንጠብቃለን። ባለፈው ወር ትልቁ ልጄን ኃይለኛ ትኩሳት ያዘው። ከዓይኔ ጀርባ ያመኛል፣ አጥንቴን ይቆረጥመኛል ይል ነበር። ጤና ጣቢያ ስንወስደው ወባ የለበትም፣ ደንጊ የሚባለው የቢምቢ በሽታ ሊሆን ይችላል አሉን። ቤት ያጠራቀማችሁትን ውሃ ድፉት ተባልን። ልጁ ድኗል። ግን የጠበቅነውን ውሃ እንዴት እንድፋ? ጎረቤቴ ትንሽ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጊበት ትለኛለች። ውሃውስ ለአራት ሰው እንዴት ይበቃል? ማንቆርቆሪያዬም ውስጡ ነጭ ሆኗል፤ ይጎዳን ይሆን? አከራያችን ደግሞ ዳይናሞ ልግጠም እያሉ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

የሁለት ልጆች እናት፣ ከድሬዳዋ

መልስ

ልጄ፣ እንኳን እግዚአብሔር ልጅሽን ማረልሽ። ከሁሉ በፊት ዋናውን ልንገርሽ። ውሃውን አትድፊ፤ ክደኚው።

«ድፉት» የሚለው ምክር ቧንቧው ሁልጊዜ ለሚወርድለት ቤት ነው። ሌሊት ተነስታ፣ ጀሪካን ደርድራ የቀዳች እናት ውሃ ልትደፋ አትችልም። ልትደፋም አይገባም። እኔ እዚሁ ድሬ ተወልጄ፣ እዚሁ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ሰው የማይችለውን ነገር አድርግ ሲባል የሚችለውንም ይተወዋል። ይህን በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ነገሩን ግን አቅልለሽ እንዳታይው። በአገራችን የደንጊ ወረርሽኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በዚችው ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013። በ2019 ቺኩንጉንያ የሚባል፣ መገጣጠሚያ የሚያሳምም ሌላ የቢምቢ በሽታ መጣ። ያኔ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። ከዚራ ሰፈርም ሆነ መጋላ፣ ጉልበቱን ይዞ የሚያነክስ ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት ይቸግር ነበር። በ2022 ደግሞ ወባ በደረቁ ወራት ተነሳ። ዝናብ የለ፣ ረግረግ የለ፣ ወባ ከየት መጣ ብሎ ሰው ግራ ተጋባ። ያመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ትንኝ ናት። የመጣችው ከእስያ በኩል ሲሆን፣ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። ይህች ትንኝ ከተማ ትወዳለች። በሮቶ፣ በበርሜል፣ ለግንባታ ተብሎ በሚጠራቀም ንጹህ ውሃ ውስጥ ትራባለች።

ድሬ ደቻቱ የሚባል ወንዝ አላት፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። የምንጠጣው ከመሬት በታች በፓምፕ የሚወጣ ውሃ ነው። ዝናብ ሲጠፋ፣ ሕዝብ ሲበዛ፣ መብራት ሲቋረጥ ፈረቃው ይረዝማል። ፈረቃው ሲረዝም ሰው በርሜል ይጨምራል። በርሜል ሲጨምር ቢምቢዋ መራቢያ ታገኛለች። እናንተ ጥፋት የለባችሁም። ውሃ ያላጠራቀመ ቤት እዚህ እንዴት ይኖራል?

አሁን ወደ በርሜልሽ። የደንጊዋ ቢምቢ እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ከፍ ብሎ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ተጣብቆ ይቀራል። ውሃው ቢያልቅ እንኳ ወራት ደርቆ ይቆይና አዲስ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ለዚህ ነው መድፋት ብቻውን የማይረዳሽ። ውሃውን ደፍተሽ፣ ያው በርሜል ላይ ሌላ ብትሞዪበት እንቁላሉ እዚያው አለ። ከእንቁላል ተነስቶ በራሪ ቢምቢ እስኪሆን በእኛ ሙቀት ሳምንት ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። እንግዲህ ፈረቃሽና የቢምቢዋ ማደጊያ ጊዜ እኩል ሄዱ ማለት ነው። ይህ ለአንቺ ይጠቅምሻል።

እንዲህ አድርጊ። ፈረቃው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው የአንዱን በርሜል ተራፊ ውሃ በጨርቅ እያጠለልሽ ወደ ባዶ ጀሪካን ገልብጪ። ያ ለልብስና ለወለል ይሆናል። ከታች የቀረውን ዝቃጭ ደረቅ አፈር ላይ፣ ፀሐይ ያለበት ቦታ አፍስሺው፤ እጩ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣው የቢምቢ ትል፣ እዚያው ይሞታል። ቦይ ውስጥ አትጨምሪው። ከዚያ የበርሜሉን ግድግዳ በብሩሽና በኦሞ ፈትጊው። በተለይ ውሃው ደርሶበት የነበረውን መስመር ደህና አድርገሽ ፈትጊ። አንድ ጆግ ውሃ ለማለቅለቅ ይበቃል። በማግስቱ ሁለተኛውን እንደዚሁ።

ክዳኑ ደግሞ ክዳን ይሁን። ቆርቆሮ ጣል ተደርጎ ድንጋይ የተጫነበት በርሜል ክፍት ነው፤ ቢምቢ በጣት ስፋት ትገባለች። አቡጀዲ ግዢ፤ በበርሜሉ አፍ ላይ ወጥረሽ፣ ከአሮጌ የባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠሽ ጠፍንጊው። ጨርቁ ረግቦ ውሃውን እንዳይነካ፤ ከነካ ከላይ ሆና ትጥልበታለች። መድኃኒት የተነከረ አጎበር ግን ለመጠጥ ውሃ መሸፈኛ አታድርጊ።

ነጭ ጋዙን ተዪው። ልጆችሽ የሚጠጡት ውሃ ነው። ጎረቤትሽ ለክፉ አላለችም፤ ግን እሺ አትበያት። የእጭ መከላከያ ኬሚካልም ከገበያ ገዝተሽ ራስሽ አትጨምሪ። የጤና ባለሙያ መጥቶ ለክቶ ቢጨምርልሽ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከራስሽ በርሜል ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የጎረቤቶችሽ ነው። የደንጊዋ ቢምቢ ከተፈለፈለችበት ብዙ አትርቅም። የአንቺን ልጅ የነከሰችው ምናልባት ከግቢው ውስጥ የወጣች ናት። አራታችሁ ቡና ስትጠጡ ይህን ነገር አንሺው። ፈረቃው ሊደርስ ሲል አንድ ላይ ፈትጉ። የተጣለ ጎማ፣ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሳህን፣ የዶሮ ውሃ ማጠጫ፣ ሁሉም ይታይ።

ትኩሳት እንደገና ከመጣ የወባ ምርመራ ሳይደረግ እንዳታልፊው። ደንጊ ከተጠረጠረ ፓራሲታሞል ብቻ ስጪ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አይሰጥም፤ ደም መፍሰስን ያባብሳል። ሰው የሚዘናጋው ትኩሳቱ ሲበርድ ነው፤ አደጋው ግን የሚመጣው ያኔ ነው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ መፍዘዝ ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂው። የደንጊዋ ቢምቢ የምትነክሰው ቀን ነው። በድሬ ደግሞ ቀትር ላይ ሁሉም ጋደም ይላል። ልጆችሽ ሲያሸልቡ አጎበሩ ይዘርጋላቸው።

ስለ ልክ ጠይቀሽኛል። በርሜልሽ ባለ 200 ሊትር፣ ጀሪካንሽ ባለ 20 ከሆነ 520 ሊትር አለሽ። ለአራት ሰው በስምንት ቀን ሲካፈል በቀን 65 ሊትር፣ ለአንድ ሰው 16 ሊትር ገደማ ነው። በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ከዚህ አይነስ ተብሎ የተቀመጠው 15 ሊትር ነው። ስለዚህ ጠርዝ ላይ ናችሁ። በቃኝ ብትዪ ነበር የሚገርመኝ።

መጀመሪያ አራት ጀሪካን ለመጠጥ ለዪ፤ በቀን አስር ሊትር ይሆናል። ክዳናቸው ጥብቅ ይሁን፤ እጅም ጣሳም አይግባባቸው። እነሱን አፍልተሽ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረሽ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። በረኪና በግምት አትጨምሪ፤ ጥንካሬው ከአንዱ አንዱ ይለያያል። ከቀረው በቀን 20 ሊትር ለምግብና ለዕቃ፣ 20 ለገላ፣ 15 ለልብስና ለሌላው። ልብስ ያለቀለቅሽበት ወደ ሽንት ቤት ይሂድ። ሙቀት ነውና ከመጠጡ ላይ አትቀንሺ፤ ከልብሱ ቀንሺ።

ዝናብ ሲመጣም አትለፊው። አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ገሚሱን እንኳ ብትይዢ ሁለት በርሜል ሞላ። የመጀመሪያው ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ይወርዳል፤ እሱ ይፍሰስ። የቀረው ለልብስ ግሩም ነው፤ ሳሙና አረፋ ይወጣዋል።

የማንቆርቆሪያሽ ነጭ ነገር ኖራ ነው። ከጉድጓዱ ድንጋይ የሚመጣ ነው፤ ጤና አይጎዳም። ሎሚ ጨምቀሽበት አፍይው፤ ይለቃል።

ዳይናሞውን በተመለከተ፣ ከመንገዱ ቧንቧ በቀጥታ እንዳይስብ። ሲስብ በተሰነጠቀው ሁሉ ቆሻሻ ይገባል፤ ከእናንተ ቀጥሎ ያለው ቤትም ጠብታ አያገኝም። መሬት ላይ ሮቶ ይቀመጥ፤ ውሃው በራሱ ግፊት እሱን ይሙላ። ዳይናሞው ከዚያ ሮቶ ስቦ ወደ ላይኛው ይግፋ። ክዳኑ የሚገጥም፣ የማስተንፈሻው ቀዳዳ በወንፊት የተሸፈነ ሮቶ እንዲገዙ ንገሪያቸው። ፈረቃው ሲገባም የመጀመሪያውን የደፈረሰ ውሃ በባልዲ ለወለል ቅጂና፣ ሲጠራ ወደ መጠጥ ጀሪካኖችሽ አዙሪው።