ማርሳቢት ካውንቲ ስንት ሕዝብ አለው? በስንትስ ይከፈላል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣ በድንበር አካባቢ ስላለው የቁም እንስሳት ንግድ ጥናት በማዘጋጀት ላይ ነኝ። ስለ ኬንያው ማርሳቢት ካውንቲ ሳነብ አንዱ ጽሑፍ ካውንቲው 4 ንዑስ ካውንቲዎች አሉት ሲል ሌላው 7 ይላል፤ የሕዝቡም ቁጥር በአንዱ 291 ሺህ፣ በሌላው 460 ሺህ ገደማ ሆኖ አገኘሁት። ትክክለኛው የትኛው ነው? ካውንቲውስ የሚነጻጸረው ከእኛ ወረዳ ጋር ነው ወይስ ከዞን? አንድ የከብት ነጋዴ ጉዳዩን የሚያስፈጽመውስ በየትኛው ቢሮ ነው?

መልስ፦ ከሕዝቡ ቁጥር እንጀምር፤ ምላሹ አጭር ነውና። ሁለቱም አኃዞች ትክክል ናቸው፤ የተወሰዱት ግን ከሁለት የተለያዩ ቆጠራዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የማርሳቢት ነዋሪ 291,166 ነበር፤ በነሐሴ 2019 በተካሄደው ደግሞ 459,785 ሆኖ ተመዝግቧል። ለጥናትዎ የኋለኛውን ይያዙ፤ የቆጠራውን ዓመትም ከቁጥሩ አጠገብ መጻፍ አይዘንጉ።

በአሥር ዓመት ውስጥ የታየው ጭማሪ ወደ 58 በመቶ የሚጠጋ ሲሆን፣ በዚሁ ጊዜ የመላው ኬንያ ሕዝብ ያደገው በ23 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት በወሊድ ብዛት ብቻ ለማስረዳት መሞከር አይገባም። የኬንያ ቆጠራ ሰውን የሚመዘግበው በቆጠራው ሌሊት ባደረበት ቦታ በመሆኑ፣ ከብቱንና ግመሉን ተከትሎ ከውኃ ወደ ግጦሽ የሚዘዋወረው አርብቶ አደር በዚያች ሌሊት ከካውንቲው ወሰን ወዲህም ወዲያም ሊገኝ ይችላል፤ ከሰፈር ርቀው የከተሙ ቤተሰቦችን አግኝቶ የመቁጠሩ አቅምም ከቆጠራ ቆጠራ አንድ ዓይነት አይሆንም። እንዲህ ባለ አገር ሁለት ቆጠራዎችን አነጻጽሮ የዕድገት መጣኔ ማስላት የሚቻል ቢሆንም፣ ውጤቱ በጥንቃቄ መነበብ አለበት።

የቆዳ ስፋቱ ከ70 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ጥቂት ስለሚበልጥ ማርሳቢት ከኬንያ ምድር አንድ ስምንተኛ ያህሉን ይይዛል። ሆኖም በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚኖረው ሰው ከ6 እስከ 7 ብቻ ሲሆን፣ የአገሪቱ አማካይ 82 ነው። የሕዝቡም አሰፋፈር ወጥ አይደለም፤ የጫልቢ በረሃና ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚወርደው ቆላ ሰፊና ጭር ያለ ሲሆን፣ የማርሳቢት ተራራ ግርጌና የሞያሌ አካባቢ ግን ሰው የተሰበሰበበት ነው። ሞያሌን ሲጠቅሱ የኢትዮጵያዋን ሞያሌ ነዋሪ ከኬንያው አኃዝ ጋር እንዳያዳምሩ ይጠንቀቁ፤ ከተሞቹ በስም አንድ፣ በአቀማመጥም ኩታ ገጠም ቢሆኑም ቆጠራቸው የየአገራቸው ነው።

የ4 እና የ7 ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ጽሑፎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። በኬንያ ገጠር ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት የአስተዳደር መዋቅሮች አሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ያቋቋመውና ከ2013 ምርጫ በኋላ ሥራ የጀመረው የካውንቲ መንግሥት ነው። ሕዝቡ በቀጥታ የሚመርጠው ገዢና የካውንቲ ምክር ቤት አለው፤ የካውንቲ መንግሥታት ሕግም ንዑስ ካውንቲን ከፓርላማ የምርጫ ክልል ጋር እኩል አድርጎ ደንግጓል። ማርሳቢት 4 የምርጫ ክልሎች ስላሉት በዚህ መዋቅር ንዑስ ካውንቲዎቹ 4 ናቸው፦ ሞያሌ፣ ሰሜን ሆር፣ ሳኩ እና ላይሳሚስ። እነርሱም በ20 ዋርዶች ይከፈላሉ፤ ሞያሌ 7፣ ሰሜን ሆርና ላይሳሚስ እያንዳንዳቸው 5፣ ሳኩ ደግሞ 3 ዋርዶች አሏቸው። እያንዳንዱ ዋርድ ለካውንቲው ምክር ቤት አንድ ተወካይ ይመርጣል።

ሁለተኛው መዋቅር ከናይሮቢ የሚወርደው የብሔራዊ መንግሥት አስተዳደር ነው። በዚህኛው ማንም በምርጫ አይመጣም፤ በካውንቲው የበላይ ሆኖ የሚሾመው ኮሚሽነር ሲሆን፣ ከእርሱ በታች የንዑስ ካውንቲ ምክትል ኮሚሽነሮች፣ ቀጥሎም የዲቪዥን ረዳት ኮሚሽነሮች፣ የሎኬሽን ቺፎችና የሰብ ሎኬሽን ረዳት ቺፎች ይገኛሉ። በ2019ኙ ቆጠራ ወቅት ይህ መዋቅር ማርሳቢትን በ7 ንዑስ ካውንቲዎች ይከፍል ነበር፦ ሞያሌ፣ ሶሎሎ፣ ሰሜን ሆር፣ ሎያንጋላኒ፣ ማርሳቢት ማዕከላዊ፣ ማርሳቢት ሰሜን እና ማርሳቢት ደቡብ። የቆጠራው ሰንጠረዦች የተዘጋጁት በዚህ አከፋፈል በመሆኑ፣ በቆጠራው ላይ የ«ሞያሌ» ሕዝብ ተብሎ የሰፈረው አኃዝ ሶሎሎን አይጨምርም፤ በምርጫ ክልሉ ግን ሶሎሎ ከሞያሌ ዋርዶች አንዱ ነው። ይህን ሳያጣሩ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም የአንድን አካባቢ ሕዝብ በብዙ ሺህ ያሳንሳል።

የአንድ ዋርድ ሕዝብ ከፈለጉ የሰብ ሎኬሽኖቹን አኃዝ መደመር ይኖርብዎታል። የዋርድ ወሰኖች በ2012 የተካለሉት በ2009ኙ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰብ ሎኬሽን ተፈጥሮ እንደሆነ አስቀድመው ያመሳክሩ።

ካውንቲውን ከወረዳ ወይም ከዞን ጋር ማመሳሰሉን አልመክርዎትም። የራሱ ሕግ አውጪና በጀት ያለው በመሆኑ በሥልጣኑ ወደ እኛ ክልል ይቀርባል፤ ሆኖም ኬንያ ፌዴራላዊ አገር ስላልሆነች ይህም ንጽጽር ሙሉ አይሆንም። በዋናነት የሚተዳደረው ከብሔራዊው ገቢ በሚደርሰው ድርሻ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ 47ቱ ካውንቲዎች በጋራ ከ15 በመቶ ያላነሰ እንዲያገኙ ይደነግጋል። በመጀመሪያው የማከፋፈያ ቀመር የሕዝብ ብዛት 45 በመቶ፣ የቆዳ ስፋት ደግሞ 8 በመቶ ብቻ ክብደት ተሰጥቷቸው ነበር። ሰው ተራርቆ በሚኖርበት በማርሳቢት አንድ ጤና ጣቢያ ለማድረስ የሚጠይቀውን ወጪ ስናስብ፣ ለስፋት የተሰጠው ክብደት እጅግ አነስተኛ ነበር የሚል እምነት አለን። በቆጠራ ያልተገኘ አርብቶ አደር ቤተሰብ ማለትም ለካውንቲው በጀት የቀረ ገንዘብ ማለት ነው።

ለነጋዴው፦ የንግድ ፈቃድ፣ የገበያና የቁም እንስሳት መሸጫ ሥፍራዎች ጉዳይ የካውንቲው መንግሥት ሥልጣን በመሆኑ መነሻው የካውንቲው ቢሮ ነው። ጉምሩክና ኢሚግሬሽን ግን የብሔራዊው መንግሥት ሥራ ስለሆኑ፣ ከእነዚህ ጋር የተያያዙ ሰነዶች ከካውንቲው ቢሮ አይገኙም።