ጉልበቴን የጨረሰው ሩጫው ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሰው ስሆን አዲስ አበባ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ እሮጣለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ኳስ እጫወታለሁ። ከስምንት ወር በፊት ኳስ ይዤ ስዞር ቀኝ ጉልበቴ ተጠምዝዞ «ቋ» ሲል ሰማሁት፤ ያንኑ ምሽት አበጠ። ወጌሻ አሽቶኝ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሜዳ ተመለስኩ። ቀጥ ብዬ ስሮጥ አያመኝም፤ ደረጃ ስወርድና ስዞር ግን አልፎ አልፎ ይከዳኛል። እናቴ «ሩጫው ነው ጉልበትህን የጨረሰው» ትለኛለች። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ጉልበቱ ላይ መርፌ ተወግቶ እንደተሻለው ነግሮኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እናትዎ የሰጉት ስለሚወዱዎ ነውና ስጋታቸውን አከብራለሁ፤ ጥፋቱን በሩጫው ላይ መጣላቸው ግን ልክ አይመስለኝም። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ያሳሰበኝ የማለዳው ሩጫ ሳይሆን ያቺ ጉልበትዎ «ቋ» ያለባት ቅጽበት ናት።

በአጥንቶች ጫፍ ላይ የተነጠፈው ልም አጥንት፣ ሐኪሞች ካርቲሌጅ የምንለው፣ ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊሜትር የማያልፍ፣ አብዛኛው ክፍሉ ውኃ የሆነ አንሸራታች ሽፋን ነው። የደም ሥር ስለሌለው ሲጎዳ እንደ ቆዳ ወይም እንደ አጥንት ራሱን አይጠግንም፤ ነርቭም ስለሌለው ጉዳቱ ሲጀምር ባለቤቱ አይሰማውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹ በደንብ የሚዘልቀው ጉልበት ሲጫንና ሲለቀቅ ነው። በዚህ የተነሳ የአከርካሪ ጉዳት ደርሶባቸው መንቀሳቀስ ባቆሙ ሰዎች ጉልበት ላይ ልም አጥንቱ እየሳሳ እንደሚሄድ ታይቷል። የሯጮች ጉልበት በኤምአርአይ፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ኃይል በሚያነሳ መሣሪያ፣ ሲታይ ደግሞ ልም አጥንቱ ከሩጫ በኋላ በጥቂቱ ይሳሳና ከሰዓታት ዕረፍት በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

በ2017 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ አንድ ትንተና፣ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ መሸርሸር ለጤናቸው በሚሮጡ ሰዎች ላይ 3.5 በመቶ፣ በማይሮጡት ላይ 10.2 በመቶ፣ በከፍተኛ ደረጃ በሚወዳደሩት ላይ ደግሞ 13.3 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቀድሞውኑ ሩጫውን ስለሚተው፣ ከዚህ ቁጥር ተነስቶ ሩጫ መድኃኒት ነው ማለት አይቻልም፤ ሩጫ ጉልበትን ይጨርሳል የሚለውን አባባል ግን አይደግፍም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2010 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ማራቶንን አቋርጦ «በቃኝ» ባለ ጊዜ ያስቸገረው የጉልበት ጅማት መቆጣትና በጉልበቱ የቋጠረው ፈሳሽ ነበር፤ ከዚያም ሐሳቡን ለውጦ እስከ 2015 ተወዳድሯል።

ወደ እርስዎ ጉልበት ልመለስ። በሚዞሩበት ቅጽበት ድምፅ ማሰማቱ፣ በሰዓታት ውስጥ ማበጡና አሁን መክዳቱ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ፣ እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው በጉልበት መሐል የሚያልፈውንና ስፖርተኞች ኤሲኤል የሚሉትን ጅማት መበጠስ ነው፤ ሜኒስከስ የሚባለው፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው አካልም አብሮ ተቀድዶ ሊሆን ይችላል። ያ ጅማት ከተበጠሰባቸው ሰዎች ውስጥ ግማሽ ያህሉ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ የመገጣጠሚያ መሸርሸር ይታይባቸዋል። ሩጫ ጉልበትን ወደ ፊት ቀጥ አድርጎ ሲጭነው፣ ኳስ ግን በድንገት ማቆምን፣ መዞርንና መጋጨትን ይጨምራል፤ ጉልበት በከዳ ቁጥርም ልም አጥንቱ ይፋተጋል።

ወጌሻን አልንቅም፤ በየክለቡ ስንት ተጫዋች ደግፈው ያነሱ ባለሙያዎች አሉ። የተበጠሰ ጅማት ግን በማሸት አይቀጠልም፤ እብጠቱ መጉደሉም ጉልበቱ ድኗል ማለት አይደለም። ስለዚህ የአጥንት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ይሂዱ። አስተኝቶ ጉልበትዎን በጥቂቱ ያጥፍና በአንድ እጁ ጭንዎን ይዞ በሌላው ቅልጥምዎን ወደ ፊት ይስባል፤ ጤነኛው ጉልበት ጥቂት ተንቀሳቅሶ ገታ ሲል፣ ጅማቱ የተበጠሰበት ሳይገታ ይሳባል። ምርመራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ራጅ ብቻ ተነስተው «ምንም የለዎትም» ቢባሉ አይርኩ፤ ራጅ ጅማትንም ሜኒስከስንም አያሳይም። ውድ የሆነው ኤምአርአይ የሚያስፈልግ ከሆነ ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ይወስናል።

እስከዚያ የቅዳሜውን ኳስ እንዲያቆሙ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። በእግር መሄድና ብስክሌት ካላሳበጡት ይቀጥሉ፤ የፊትና የኋላ የጭን ጡንቻዎችዎን ያጠንክሩ፤ ከልክ ያለፈ ክብደት ካለዎት የቀነሱት እያንዳንዱ ኪሎ በእርምጃ ከጉልበትዎ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል። ወደ ሜዳ የሚመለሱበት ቀን ሲመጣ፣ ፊፋ ለአማተር ተጫዋቾች ያዘጋጀው 20 ደቂቃ የሚፈጅ ማሟሟቂያ ጉዳትን በግልጽ እንደሚቀንስ ተረጋግጧልና ከጓደኞችዎ ጋር ይልመዱት።

ስለ መርፌው፦ ጓደኛዎ የተወጉት ስቴሮይድ የሚባለው፣ ቁጣንና እብጠትን የሚያበርድ መድኃኒት ከሆነ ሕመምን ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሣል። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ጥናት ግን ጉልበታቸው የተሸረሸረ ሰዎች በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት ሲወጉት፣ የጨው ውኃ ብቻ ከተወጉት ይልቅ ልም አጥንታቸው በበለጠ ሳስቷል፤ በሕመም ረገድም ልዩነት አልታየባቸውም። የእርስዎ ችግር ደግሞ መክዳት እንጂ ሕመም አይደለም። ጉልበትዎ በእጅ ሳይመረመር መርፌ ሊወጋዎት የሚነሳ ካለ፣ እሺ አይበሉ።