ወደ ጀርመን ለምትሄጂው እኅቴ፦ መጀመሪያ ሰነዶችሽን አስተያዪ
እኅቴ፣ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመርቀሽ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ጀርመን ለመሄድ ስትዘጋጂ ከምን መጀመር እንዳለብሽ ጠይቀሻል። ከልብስና ከሻንጣ በፊት ሰነዶችሽን ጎን ለጎን ዘርግተሽ እንድታስተያዪ አጥብቄ እመክርሻለሁ። በውጭ አገር የአባት ወይም የአያት ስማችን እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ስለሚወሰድ፣ በፓስፖርትሽ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ ከዲግሪሽና ከውጤት መግለጫሽ ጋር በአንዲት ፊደል እንኳ ቢለያይ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል፤ የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ግንቦት 20 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ልደቱ ሜይ 28 ቀን 2003 ስለሆነ፣ ዓመቱ ብቻ ተለውጦ ቀኑ እንዳለ የተተወበት ቅጽ የተሳሳተ ነው። እርማቱ አዲስ አበባ ድረስ ደጋግሞ መመላለስን ሊጠይቅ ስለሚችል፣ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው ብለሽ ሳትዘናጊ የቪዛ ቀጠሮሽ ሳይደርስ ጨርሺው።

ስንቅን በተመለከተ፣ እናቶቻችን ንጥር ቅቤና ቋንጣ ሳይቋጥሩ ልጅ መሸኘት ይከብዳቸዋል። ሆኖም የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ የሥጋና የወተት ውጤቶችን ይዞ እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ ይህን ለእናትሽ አስቀድመሽ በፍቅር አስረጂያቸው፤ በደንብ የታሸገ በርበሬና ሽሮ ያዘጋጁልሽ።