ራክ ብቻውን አይበላሽም

ከቴክኒክና ሙያ ወጥታችሁ ጋራዥ ለገባችሁ ልጆች ነው የምጽፈው። ለመግባት የምታስቡም አንብቡት። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቼ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አሁን ወገቤ እምቢ ስላለ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልጆቹ ሲሠሩ አያለሁ። አንዳንዴም እቆጣለሁ። ሰሞኑን ደጋግሞ የሚያስቆጣኝ አንድ ሥራ አለ፤ የመሪ ራክ ቅየራ። ራክ ማለት የመሪውን መዞር ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ረጅም ዕቃ ነው፤ መሪው እንዲቀል ፓምፕ የሚገፋው ዘይት ያግዘዋል።

ነገሩ ሁሌ አንድ ነው። አሮጌ ኮሮላ ይመጣል። ባለቤቱ «መሪው ከብዶኛል፣ የመሪ ዘይትም ይጨርሳል» ይላል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ያያል። ራኩ ዘይት በዘይት ሆኗል። ቀና ብሎ «ራኩ አልቆለታል ጋሼ» ይላል። ራክ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ሰውየው ከፍሎ ይሄዳል። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣል። አሁን ደግሞ አዲሱ ራክ ዘይት በዘይት ነው።

ራክ የተቀመጠው ታች ነው። ከላይ የፈሰሰ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። ከፓምፑ ይፍሰስ፣ ከዘይት ማጠራቀሚያው ይፍሰስ፣ ከግፊት ቱቦው ይፍሰስ፣ መጨረሻ ላይ የምታዩት ራኩን አርሶት ነው። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት እጠቡ። ቦታውን በደንብ አጽዱት፣ በጨርቅ አድርቁት፣ ኮምፕሬሰር ካለ ንፉበት። ከዚያ ሞተሩን አስነሱ። አንድ ሰው ገብቶ መሪውን ግራ ቀኝ ያዙር። እናንተ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። እጃችሁን ግን ወደሚዞረው ቀበቶ፣ ወደ ቺንጋው፣ አታስጠጉ። መጀመሪያ የሚረጥበው ቦታ ነው ጥፋተኛው።

ይሄ ረጅም ሥራ አይደለም። ልጆች ግን አይወዱትም፤ መፍታት ነው የሚወዱት። ባለመኪናውም አጠገባችሁ ቆሞ ዝም ብላችሁ ስታዩ ሲያገኛችሁ የማትሠሩ ይመስለዋል። ይምሰለው።

ራኩ ራሱ ጥፋተኛ መሆኑን የምታውቁት ሌላ ቦታ ነው። በሁለቱም ጫፍ ታይሮዱ፣ ራኩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ የሚወጣበትን ቦታ የሸፈነ የተሸበሸበ ጎማ አለ። ያሰረውን ቀለበት፣ ፋሸታውን፣ አላልታችሁ ገለጥ አድርጉት። ውስጡ ዘይት ካቆረ ዘይቱን የሚያግደው የራኩ የውስጥ ጎማ፣ ጎሚኒው፣ አልቋል፣ ክርክር የለውም። ደረቅ ከሆነ ቀስ በሉ። ሌላም ምልክት አለ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የሚከብድ፣ ሲሞቅ ደግሞ ቀለል የሚል መሪ አለ። አሮጌ መኪና ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ የራኩ ቫልቭ፣ ዘይቱን ግራና ቀኝ የሚያከፋፍለው ክፍል፣ ቤቱ ተበልቶ ነው። ቴፍሎን ቀለበቶቹ በዕድሜ ብዛት ቤቱን ይቦረቡሩታል፣ ዘይቱም በጎናቸው ያመልጣል። እሱን ዘይት በመጨመር አታድኑትም።

አሁን ወደ ቱቦው ልምጣ። ይህን ሁሉ የምጽፈውም በሱ ምክንያት ነው።

ፓምፑ በቺንጋ ከሞተሩ ጉልበት ይወስዳል። ዘይቱን በግፊት ቱቦ ወደ ራኩ ይልካል። ዘይቱ ሥራውን ሲጨርስ በመመለሻ ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ላላወቀ ሰው ሁለቱም ቱቦ ናቸው። ሥራቸው ግን አይገናኝም። የመኪና ጎማ አየር 2 ባር አካባቢ ነው። መሪው ጥግ ሲደርስ በግፊት ቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው ከ60 ባር በላይ ነው፤ እንደ መኪናው ከዚያም ይበልጣል። ለዚህ ነው የግፊት ቱቦ ጫፉ ብረት፣ መሃሉ በክር የተጠናከረ ጎማ፣ መጋጠሚያውም በፕሬስ የተጨመቀ የሆነው። የመመለሻው በፋሸታ ቢታሰር ይበቃዋል።

ጎማ ያረጃል። ሞተር አጠገብ ሲሆን ደግሞ ቶሎ ያረጃል። የድሬን ግንቦት ጨምሩበት። ከውጭ ሲሰነጠቅ ታዩታላችሁ፤ ከውስጥ ሲላላጥ ግን አታዩትም። የተላጠው ቅርፊት ከዘይቱ ጋር ይሄድና ራኩ ውስጥ ይገባል። የራክ ቫልቭ መተላለፊያዎች በጣም ጠባብ ናቸው። ቅርፊቱም፣ ካረጀ ፓምፕ የሚወጣው የብረት ብናኝም እዚያ ገብቶ ቀለበቱን ይፍቃል፣ ጎሚኒውን ይቆርጣል። ራኩን የገደለው ቱቦው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ገዳዩን እዚያው ትታችሁ አዲስ ራክ ስታስሩለት ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

ስለዚህ እኛ ጋ አሮጌ መኪና ላይ ራክ ከተቀየረ የግፊት ቱቦውም አብሮ ይቀየራል፣ መስመሩም ይታጠባል። ያፈሰሰው ቱቦው ብቻ ከሆነና ራኩ ደህና ከሆነ ደግሞ ቱቦው ብቻ ይቀየራል። የራክ ሥራ የተሻለ ገንዘብ እንዳለው አጥቼው አይደለም። ድሬ ግን ትንሽ ከተማ ናት። ከዚራ ላይ ያስከፈላችሁት ያለአግባብ ብር ማታውኑ መጋላ ይወራል።

«ገንዘብ አጥሮኛል፣ የተቀደደውን ቆርጠህ ሌላ ጎማ ቀጥልና በፋሸታ እሰርልኝ» የሚላችሁ ሰው ይመጣል። በመመለሻው ላይ፣ ዘይት የሚችል ጎማ እስከሆነ ድረስ፣ ይቻላል። በግፊት ቱቦው ላይ አይቻልም። ጋራዥ ውስጥ ስታስነሱት ይይዛል፣ አታላዩም ይኸው ነው። መኪናው ጠባብ ቦታ ላይ ሲዞር ነው የሚለቀው። የተረጨው ዘይት የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ካረፈ ይጨሳል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። አንድ ሱቅ ተራ የነዳጅ ጎማ «የመሪ ነው፣ ይችላል» ብሎ ለልጆቼ ሸጦላቸው ያውቃል። ጎማው ላይ የተጻፈ የግፊት ልክ እንኳ አልነበረም። መልሰን ወሰድንለት፤ ብራችንን ለማስመለስ የነበረውን ጭቅጭቅ ተዉት። ጽሑፍ የሌለውን ጎማ አትመኑ።

ከሐረር ስትወርዱ ደንገጎን ታውቃላችሁ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚያወርዳችሁ። ኩርባ መሃል ቱቦ ቢፈነዳ መሪው ከጎማው አይለይም። የመሪው ዘንግና ራኩ እንደተያያዙ ናቸው፣ መኪናው ይታጠፋል። ግን በአንድ ጊዜ ይከብዳል። ያላሰበው ሾፌር መሪው የተቆለፈ ይመስለውና ይደነግጣል። የሐረር ታክሲዎች የነበሩት ፔጆ 404ዎች ራክ ነበራቸው፣ የመሪ ፓምፕ ግን አልነበራቸውም። ሾፌሮቹ ከመጀመሪያውም ክብደቱን ያውቁታል፣ ክንዳቸውም ይመሰክር ነበር። የዛሬው ሾፌር በአንድ ጣት ማዞር የለመደ ነው።

ዕቃ ስትገዙ የመኪናውን ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ጃፓን ውስጥ የሚነዳው መኪና ቀኝ መሪ ነው። ከዚያ የመጣ ያገለገለ ራክ ገበያው ውስጥ ሞልቷል። ስሙ ያው ኮሮላ ነው፣ ለኛ ግራ መሪ ግን አይሆንም፤ መሪው የሚገባበት ጎን ተቃራኒ ነው። አሮጌውን ዕቃ ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩ። ቁጥሩንም ጻፉ። ቶዮታ ላይ የራኩ ቁጥር ብዙ ጊዜ በ44250 ይጀምራል፣ የግፊት ቱቦው ደግሞ በ44410። ያገለገለ ራክ ከሆነ የጎማ ሽፋኑን ገልጣችሁ የውስጡን ዘንግ እዩ። ዝገት ካለበት ተዉት፤ የዛገ ዘንግ አዲስ ጎሚኒ እንኳ ቢገባለት ይቆርጠዋል። በእጃችሁም ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩት። መሃል ላይ የሚይዝ ቦታ ካለ፣ ሻጩ ምንም ቢምል፣ አትውሰዱት። ያየሁት የሻጭ መሐላ ለአንድ ዕድሜ ይበቃኛል።

አሁን መፍታት ትችላላችሁ። ክሪክ ብቻ አምናችሁ መኪና ሥር አትግቡ፣ መደገፊያ አድርጉ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉና መሪው እንዳይዞር በመቀመጫው ቀበቶ እሰሩት። የመሪው ዘንግ ከራኩ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ሁለቱንም የሚያገናኝ መስመር በቀለም አስምሩ። ይሄ ለቁንጅና አይደለም። ኤርባግ ያለው መኪና ላይ ዘንጉ ተፈትቶ መሪው በባዶው ከዞረ፣ ከመሪው ሥር ያለው ጥቅል ሽቦ ይበጠሳል። ኤርባግ የሌለው ላይም ቢሆን ምልክት ካላደረጋችሁ መሪው ተጣሞ ይገባል፣ ባለቤቱም ዕድሜ ልኩን ያማችኋል።

ታይሮዱን ከመፍታታችሁ በፊት ርዝመቱን ለኩ፣ ስታወጡትም ስንት ዙር እንደዞረ ቁጠሩ። የቧንቧዎቹን ዳዶ በተራ ቁልፍ አትፍቱት፤ ጠርዙ ይበላል። ለቧንቧ ዳዶ የተሠራ፣ ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ አለ። ውድ አይደለም፣ ከመጀመሪያ ደሞዛችሁ ግዙት። መልሳችሁ ስታስሩ ክሩን በእጅ አስጀምሩ። በእጅ የማይገባ ዳዶ በቁልፍ አይገባም፣ ክሩን ነው የሚበላው። ክቡ የጎማ ማሸጊያ፣ ኦሪንጉ፣ እና የቱቦው ቀጭን የብረት ዋሸር ሁሌም አዲስ ይሁኑ። የዚህ ዋሸር ዋጋ ከሻይ አይበልጥም፣ አሮጌውን መልሶ አስገብቶ ሥራውን ሁሉ ያበላሸ ግን ብዙ ነው።

እዚህ ላይ የምትቸኩሉበት ምክንያት ይመጣል። ከአወዳይ ጫት የሚያመላልስ ሾፌር ከሆነ በላያችሁ ላይ ቆሞ «አቦ ፍጠን እንጂ!» ይላችኋል። ልክ ነው፣ የሱ ዕቃ ይጠወልጋል። እናንተ ግን ወንበር ስጡት፣ ውሃ ስጡት፣ መስመሩን እጠቡ። የመመለሻ ቱቦውን ከማጠራቀሚያው ነቅላችሁ ወደ ጀሪካን አድርጉት፣ የተነቀለበትን ቀዳዳ ድፈኑ። ሞተሩን ሳታስነሱ አዲስ ዘይት እየጨመራችሁ መሪውን አዙሩ። ጥቁሩ ወጥቶ ንጹሑ እስኪመጣ ድረስ አታቁሙ። ይህንን አዲሱ ራክ ከመግባቱ በፊት በአሮጌው ላይ ብታደርጉት ይሻላል፤ ቆሻሻው አዲሱ ውስጥ አያልፍም። ማጠራቀሚያውን ግን አውጥታችሁ ለብቻው እጠቡት። አንዳንዱ ውስጡ ወንፊት አለው፣ እሱም ይዘጋል። የወጣውን ዘይት ደቻቱ ወንዝ ላይ አትድፉ። አሸዋው ይጠጣዋል ብላችሁ አትታለሉ፣ ክረምት ጎርፍ ሲመጣ ጠራርጎ ይወስደዋል።

የዘይቱን ዓይነት ክዳኑ ወይም የመኪናው መጽሐፍ ይነግራችኋል። ብዙ አሮጌ ቶዮታ ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ዴክስሮን የሚባለውን ነው የሚጠቀመው። የፍሬን ዘይት ግን በፍጹም! ያጣ ሰው «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ ሲጨምር አይቻለሁ። የመሪውን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ሁሉንም መቀየር ነው። ማፍሰስ ያቆማል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውም ጎሚኒውን ለጊዜው አለስልሶ የሚያሳብጥ ነው። መኪናውን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ይወደዋል።

አየር ማውጣቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አንሱ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ እያላችሁ ደጋግሙ፣ ዘይቱ ሲወርድ ጨምሩ። መውረዱን ሲያቆም አስነሱና እንደገና አዙሩ። ጥግ ላይ ይዛችሁ አትቆዩ፤ ፓምፑ ይቃጠላል። ዘይቱ እንደ ማኪያቶ አረፋ ከሠራ ውስጡ አየር አለ። አጥፉት፣ ይረፍ፣ ድገሙት። ፓምፑ ካለቀሰም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያው አየር ነው፤ ፓምፕ ለመሸጥ አትሩጡ።

ከዚያ አላይመንት፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከያ፣ ይገባል። የለካችሁት የታይሮድ ርዝመት እስከ አላይመንት ቦታው ድረስ ለመድረስ ነው እንጂ አላይመንቱን አይተካም። ይህንን ወጪ ከመጀመሪያው ለባለቤቱ ንገሩት። መጨረሻ ላይ ስትጨምሩት ሌባ ትመስላላችሁ።

ስልካችሁ ላይ ያለው ቪዲዮ ጥሩ ነው፣ እኔም የልጅ ልጄ እያሳየችኝ አያለሁ። ግን እዚያ ያለው መኪና ብሎኑ አይዝግም፣ አቧራ የለውም፣ ከሱ በፊትም ሌላ ሰው በሽቦ አላሰረውም። የኛ አገር አሮጌ መኪና ስትፈቱ የሌሎች መካኒኮችንም ሥራ ነው የምትፈቱት። ሽቦ ስታገኙ አትሳቁ። ለምን እንደታሰረ ሳታውቁ ደግሞ አትጣሉት።

መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት ንዱት። መጀመሪያ ጠፍጣፋ መንገድ ላይ፣ ከዚያ ወደ ደንገጎ ትንሽ ወጣ በሉና ተመለሱ። መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ ወደ መሃል ይመለሳል ወይ? ሲነዳ ወደ አንድ ጎን ይስባል? ስትመለሱ ሥሩ ካርቶን አንጥፉና ሞተሩን ሳታጠፉ ተዉት። ምሳ ብሉ። ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ቁልፉን ስጡት፣ በሳምንቱም ለዘይት ልኬት ብቻ፣ በነፃ፣ እንዲመጣ ቀጠሮ ያዙለት።