ጥያቄና መልስ፦ «ሕሊናዬ ንጹህ ነው» ማለት ይበቃል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ የምሰራው የመንግስት መስሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። ያልገባ እቃ እንደገባ አድርገህ ሞዴል 19 (የእቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ቁረጥ እየተባልኩ ነው። አለቃዬ እቃው በኋላ ይመጣል ይላል፣ ባልደረቦቼ ሁሉም የሚያደርገው ነው አንተ ማን ሆነህ ነው ይሉኛል፣ ባለቤቴም ልጆቹን አስብ እንጂ ትለኛለች። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው «የታዘዝከውን ስራ፣ ኃጢአቱ በአዛዡ ነው» አሉኝ። ሕሊናዬ ግን እምቢ አለኝ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል፣ ለምን ስለው «ዋናው ልብ ነው፣ ሕሊናዬ ንጹህ ነው» ይለኛል። የኔም ሕሊና ነው የሱም ሕሊና ነው፣ ታዲያ የቱ ነው የሚታመነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ነው የጠየቅከኝ ግን ስሩ አንድ ስለሆነ ከስሩ ልጀምር።

ቤተ ክርስቲያናችን ሙሴ ጽላቱን ይዞ ከሲና ከመውረዱ በፊት ያለውን ዘመን ዘመነ ሕገ ልቡና ትለዋለች። ዮሴፍን አስበው እስቲ፣ በጲጥፋራ ቤት እያለ «አታመንዝር» የሚል ጽሁፍ በእጁ የለ፣ መካሪ አባት አጠገቡ የለ፣ ወንድሞቹ የሸጡት ልጅ ነው፣ ሀገሩም የሰው ሀገር ነው፣ ሴትየዋ ስትይዘው ግን «በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ኃጢአት እሠራለሁ» ብሎ ልብሱን ጥሎላት ወጣ። ይሄንን ማን አስተማረው? ቅዱስ ጳውሎስ ሮሜ 2፥15 ላይ መልሱን ይነግርሃል፣ ሕጉ በልባቸው ተጽፏል ሕሊናቸውም ይመሰክራል ነው የሚለው።

ልብ በል፣ ይመሰክራል ነው ያለው፣ ይፈርዳል አላለም። ሕሊና ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። የኛ ሰው ሙግት ያውቃል መቼም፣ ምስክር የሌለው ክርክር የትም እንደማይደርስ ታውቃለህ፣ ግን ደግሞ ምስክር በጉቦ ይያዛል፣ ይፈራል፣ አንዳንዴም ያላየውን አየሁ ይላል። ራሱ ጳውሎስ ሳውል በነበረበት ጊዜ እስጢፋኖስን ሲወግሩት የወጋሪዎቹን ልብስ ሲጠብቅ ሕሊናው አልከሰሰውም፣ እንደውም ለእግዚአብሔር የቀና መስሎት ነበር። ለዚህ ነው በኋላ 1ኛ ቆሮንቶስ 4፥4 ላይ ራሴን የምከስስበት ነገር አላውቅም ግን በዚህ አልጸድቅም ያለው። ጌታም የሚገድላችሁ ሁሉ እግዚአብሔርን የሚያገለግል የሚመስልበት ጊዜ ይመጣል ብሏል። አጣዬ ስትቃጠል ያየን የሰሜን ሸዋ ሰዎች ይሄ ቃል ማብራሪያ አያስፈልገንም፣ ወንድሙን ገድሎ ሕሊናዬ ንጹህ ነው የሚል ሰው በየወገኑ አይተናል።

እና ንጹህ ነው ማለት ብቻውን አይበቃም። ምስክሩ በምን ተገራ፣ በቅዱሳት መጻሕፍት ነው፣ በጾምና በንስሐ ነው፣ ወይስ በቲክቶክና በሰፈር ወሬ? ሌላም ጠይቅ፣ ይሄ ምስክር ሁልጊዜ ለኔ ብቻ ነው እንዴ የሚመሰክረው? ያማረኝን ነገር ሁሉ «ችግር የለውም» የሚለኝ ከሆነ፣ አንድ ቀን እንኳ ከጥቅሜ ተቃራኒ ቆሞ የማያውቅ ከሆነ እኔ እጠረጥረዋለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ። ያንተ ሕሊና ግን ስራህንም ቤትህንም የሚያስከፍልህ ነገር ነው እየተናገረ ያለው፣ ከትእዛዙ ጋር ስታስተያየውም ይገጥማል፣ «በሐሰት አትመስክር» ይላላ። ሞዴል 19 ላይ የምታኖረው ፊርማ ምስክርነት ነው ኮ፣ ይሄን ያህል እቃ ቆጥሬ ተረክቤያለሁ ብለህ ነው የምትመሰክረው። በኋላ ይመጣል የሚለው ደግሞ በኋላ ካልመጣ ኦዲት የሚጠይቀው አለቃህን ሳይሆን የፈረመውን ነው።

የንስሐ አባትህን ነገር በተመለከተ፣ አባትህን በክፉ አታንሳቸው። «ታዘዝኩ» ስትላቸው የተለመደ የስራ ትእዛዝ መስሏቸው ይሆናል፣ የቢሮ ወረቀት ነገር ለብዙ አባቶች ግልጽ አይደለም። ተመልሰህ ሂድና ያልገባ እቃ ገብቷል ብዬ በፊርማዬ እያረጋገጥኩ ነው ብለህ አስረዳቸው። ከዚያ በኋላም ያንኑ ካሉህ ግን እንዲህ ነው፣ የንስሐ አባት የሰራኸውን ኃጢአት ቀኖና ሰጥቶ ይፈታል እንጂ ገና ላልሰራኸው ኃጢአት ፈቃድ አይሰጥም። ሐዋርያት «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» ሲሉ ያሉት ለሊቀ ካህናቱ ለራሱ ነው፣ ሐዋ. 5፥29 ን አንብበው።

በዚህ መንገድ የሄዱት ደግሞ ሩቅ ሀገር አይደሉም። አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ የፍቼ ሰው ናቸው። ጣሊያን አርበኞቹን ሽፍታ ናቸው ብለው ያውግዙ፣ ሕዝቡንም ይገዛ ይበሉ ሲላቸው እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ተረሸኑ። አብረዋቸው በ1921 ዓ.ም ጵጵስና ከተቀበሉት ውስጥ አቡነ ሚካኤልም ጎሬ ላይ ተገድለዋል፣ ከጣሊያን ጋር የተስማማም ደግሞ ነበረ። አንድ ማዕረግ፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ሃይማኖት፣ ግን ፈተናው ሲመጣ መንገዱ ተለያየ። ከዚያ በፊትም በ14ኛው ክፍለ ዘመን የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ፊልጶስ ነገሥታቱ ሚስት ደራርበው ማግባታቸውን ፊት ለፊት ተቃውመው ተሰደዋል፣ ንጉሥ ነው ኃጢአቱ በሱ ነው ብለው ዝም ማለት ይችሉ ነበር ኮ።

እኛ ጋ ግን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ ዝም አይነቅዝም፣ ጎመን በጤና እየተባለ ነው ልጅ የሚያድገው። ሕገ መንግሥቱ እንኳ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባላት ተገዢነታቸው ለሕገ መንግሥቱ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ነው ይላል፣ እጅ ሲወጣ ግን ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚወጣው (ይሄን የምለው ለመሳቅ አይደለም)። ከላይ ያለው እንዲህ ሲሆን ታች ያለው የንብረት ክፍል ሰራተኛ ብቻውን ቢቀር አይገርምም። ባልደረቦችህም መጀመሪያ ሲፈርሙ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ይሆናል፣ አሁን ድርሻችን ስንት ነው የሚሉት ምስክሩን ደጋግመው ዝም ስላሰኙት ነው። ስለዚህ አትናቃቸው፣ ስማቸውንም ፌስቡክ ላይ አታውጣ።

የምታደርገው፣ ለአለቃህ በትህትና «እቃው ይምጣና ቆጥሬ በዚያው ሰዓት እቆርጣለሁ» በለው፣ ካስገደደህ ትእዛዙን በጽሁፍ ስጠኝ በለው፣ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነገሩ ይቆማል። ካልቆመ የስነ ምግባር መከታተያ ክፍል አለ፣ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚባል ሕግም አለ፣ የሚያማክርህ የሕግ ሰው ፈልግ። ምንም አይደርስብህም ብዬ አልዋሽህም፣ ዝውውርም ጥርስ መነከስም ሊመጣ ይችላል፣ ለዚህ ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ እሷ ልጆቹን ማሰቧ ልክ ነው፣ አባታቸው ቢታሰር ግን ልጆቹ ምን ይሆናሉ የሚለውንም አብራችሁ አስቡት።

የጓደኛህ ዓሣ ከዚህ ይቀላል። ጾም የግል ስሜት ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፣ ዋናው ልብ ነው የሚለውም ልቡ ከታዘዘ አፉ ለምን እምቢ ይላል ብትለው መልስ የለውም። ሕመምተኛ ከሆነ ወይ ሌላ ምክንያት ካለው ግን አንተ አታውቅም። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ለጣዖት ስለታረደው ስጋ ሲጽፍ አውቃለሁ የሚለው ሰው የደካማውን ሕሊና እንዳያቆስል ነው የለመነው፣ ስለዚህ እሱም ባንተ ፊት ባይበላ ይሻላል፣ አንተም ሳህኑን አትቁጠርበት። ለዓሣው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፣ አንተን አይደለም።