መግቢያው የጠፋበት አሮጌ ራውተር፦ ጥያቄና መልስ

አሮጌ ራውተር ወይም አክሰስ ፖይንት አላስገባም ካላችሁ ጠይቁኝ። ዕቃው ግን የራሳችሁ ወይም ኃላፊነቱ የተሰጣችሁ ይሁን። የጎረቤት ዋይፋይ እዚህ አይነካም።

ጥያቄ፦ የቢሯችንን ቲፒ-ሊንክ 841 ፓስዎርድ የሚያውቀው ልጅ ሥራ ለቀቀ። ሪሴት ላድርገው?

አትቸኩል ወንድሜ። መጀመሪያ ለልጁ ደውልለት፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ካልተገኘ በኬብል ተገናኝና ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን ስምና ፓስዎርድ ሞክር። በዚህ ሞዴል ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ «አድሚን» (admin) ናቸው። ሪሴት ዕቃውን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል፤ የሚያጠፋው ፓስዎርዱን ብቻ አይደለም። ኢንተርኔታችሁ በፒፒፒኦኢ (ራውተሩ በስምና በፓስዎርድ ወደ አቅራቢው በሚገባበት መንገድ) የሚገባ ከሆነ አቅራቢው የሰጣችሁ የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድም አብሮ ይሄዳል። እሱን ከውሉ ወረቀት ላይ ሳታገኝ የሪሴት ቁልፉን አትንካ። ካገኘህ በኋላ ራውተሩ እንደበራ ቁልፉን በስቴኪኒ ጫፍ ተጭነህ ወደ 10 ሰከንድ ያዝ። መብራቶቹ ብልጭ ሲሉ ልቀቅ።

ጥያቄ፦ ጣሪያ ላይ ናኖስቴሽን ኤም5 (የዩቢኩዊቲ የገመድ አልባ አንቴና) አለን። አይፒውን (የኔትወርክ አድራሻውን) የሚያውቅ የለም። መውጣት ግዴታ ነው?

ገና ነሽ እህቴ፣ መሰላሉ ይቆይ። የላፕቶፕሽን አይፒ በእጅሽ 192.168.1.10፣ ሳብኔት ማስኩን 255.255.255.0 አድርጊ። ከዚያ ብራውዘሩ ላይ 192.168.1.20 ጻፊ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ አድራሻው ይህ ነው። በድሮው ፈርምዌር (ዕቃውን በሚያሠራው ሶፍትዌር) ስሙም ፓስዎርዱም «ዩቢኤንቲ» (ubnt) ነው። ገጹ ካልመጣ አንድ ሰው አይፒውን ሳይለውጠው አልቀረም። ያኔ የዩቢኩዊቲን ዲስከቨሪ ፕሮግራም ክፈቺ። ዕቃው በዚያው ኬብል ላይ እስካለ ድረስ አይፒው ሌላ ቢሆንም ያሳይሻል።

ፓስዎርዱም ከጠፋ ከታች ያለውን የፒኦኢ አዳፕተር (በኔትወርክ ኬብሉ መብራት የሚልከውን) እዪው። አንዳንዶቹ የራሳቸው ሪሴት ቁልፍ አላቸው፤ ጣሪያ ሳትወጪ ከወለል ትጨርሻለሽ። ግን ልብ በይ፦ ያ ናኖስቴሽን ከሌላ ሕንፃ ጋር የሚያገናኛችሁ ከሆነ በሪሴት መስመሩ ይቆረጣል። ስለዚህ የኔትወርኩን ስም፣ የዋይፋይ ፓስዎርዱንና ፍሪኩዌንሲውን መጀመሪያ ከወዲያኛው ጫፍ ገልብጠሽ ያዢ።

ጥያቄ፦ ፓስዎርዱን አውቀዋለሁ፤ ብራውዘሩ ግን «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ገጹን አይከፍትም።

ፓስዎርድህ ደህና ነው። ዕቃው የሚናገረው ምናልባት ቲኤልኤስ 1.0 (የድሮ የግንኙነት ማመስጠሪያ) ነው፤ ክሮምና ፋየርፎክስ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ እሱን ትተዋል። በኤችቲቲፒኤስ ፈንታ በኤችቲቲፒ ሞክር። እምቢ ካለ አሮጌ ብራውዘር ያለው ላፕቶፕ ፈልግና ኢንተርኔቱን ነቅለህ በኬብል ብቻ ግባ።

ጥያቄ፦ ሊንክሲስ ደብልዩአርቲ54ጂ ላይ ፈርምዌር እየጫንኩ መብራት ጠፋ። አሁን ሞቷል። ልጣለው?

አትጣለው። የላፕቶፕህን አይፒ 192.168.1.10 አድርግና 192.168.1.1ን ያለማቋረጥ ፒንግ እያደረግህ («አለህ?» ብሎ በሚጠይቀው ትእዛዝ) ራውተሩን አብራው። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች መልስ ከመጣና በመልሱ ላይ የሚታየው ቲቲኤል (TTL) 100 ከሆነ ቡትሎደሩ (ራውተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም) በሕይወት አለ። የቀረው ትክክለኛውን ፈርምዌር በቲኤፍቲፒ (ቀላል የፋይል መላኪያ)፣ በባይነሪ ሞድ መላክ ነው። ክፍተቱ የጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ሶኬቱን ከመሰካትህ በፊት መላክ ጀምር። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ካለህ ደግሞ ዛሬ ነው ቀኑ።

ጥያቄ፦ ገባሁ! ግን ለዋይፋይ ጥበቃ ዌፕ (የድሮ ማመስጠሪያ) እንጂ ሌላ ምርጫ የለውም።

ዌፕ ከ2001 ጀምሮ የተሰበረ ነው፤ በሱ ሰው አታገናኝ። ዋይፋዩን አጥፋና እንደ ስዊች በኬብል ብቻ ተጠቀምበት።