ቱቦውን አትጣይው

«ከቅናሽ ሱቅ የገዛሁት ኮልጌት ላይ የፊደል ስህተት አየሁ። ፎርጂድ ይሆን? መንግሥት ይህን አይቆጣጠርም ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ እዚሁ አሜሪካ ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ መጠቀም አቁሚ። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ደግሞ አርቂው፤ ልጅ የጥርስ ሳሙናውን ይውጠዋል።

የፊደል ስህተቱን አትናቂው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኒው ዮርክ፣ በኒው ጀርሲ፣ በፔንሲልቬኒያና በሜሪላንድ ቅናሽ ሱቆች የኮልጌት ስም የያዘ የውሸት ሳሙና ተገኝቶ ነበር። «ደቡብ አፍሪካ የተሠራ» ይላል፤ የአገሩ ስም እንኳ በትክክል አልተጻፈም። የኮልጌት ኩባንያ ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የጥርስ ሳሙና እንደማያስገባ ተናገረ። የውሸቱ ሳሙና ፍሎራይድ (ጥርስ እንዳይበላ የሚከላከለው ንጥረ ነገር) የሌለው፣ ዳይኤቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዛማ ኬሚካል ሊኖረው የሚችል እንደሆነም አስጠነቀቀ። ይህ ኬሚካል በግሊሰሪን (ሳሙናው እንዳይደርቅ በሚያደርገው ፈሳሽ) ፋንታ የሚገባው ርካሽ ስለሆነ ነው። ኩላሊት ያበላሻል። በ2006 ፓናማ ውስጥ በሳል ሽሮፕ ገብቶ ብዙ ሰው ገድሏል።

የሚገርመው፣ በዓመቱ እዚያው ፓናማ የጥርስ ሳሙና ላይ የኬሚካሉ ስም በግልጽ ተጽፎ ነበር። አይቶ ለባለሥልጣናት የተናገረው አንድ ተራ ሸማች ነው! ከዚያ በኋላ ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ኬሚካሉ አለበት የተባለ የቻይና የጥርስ ሳሙና ድንበር ላይ እንዲያዝ አደረገ።

ስለ መንግሥት ላነሳሽው፦ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና በአሜሪካ ሕግ እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። ስለዚህ «ድራግ ፋክትስ» (የመድኃኒት መረጃ) የሚል ሳጥን ሊኖረው ይገባል፤ የፍሎራይዱን መጠንና ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ እዚያ ፈልጊ። ጽሑፉ ሐሰት ከሆነ ኤፍዲኤ በፍርድ ቤት በኩል ዕቃውን ማስያዝ ይችላል። ግን እያንዳንዱ ቱቦ መደርደሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት አይመረመርም። ስለዚህ የእኛ ጥቆማ ትልቅ ነገር ነው።

ክሊኒክ ውስጥ በጣም ያበሳጨኝ የነበረውም ይኸው ነው። ሰው «አዲሱ ሳሙና ድዴን አቃጠለኝ» ብሎ ይመጣል። አምጣው ስንለው ጥሎታል። የሎት ቁጥሩ፣ ማለትም ዕቃው በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከሌለ ዕቃው ከየት እንደመጣ መከታተል ይከብዳል።

ስለዚህ ቱቦውን ከነካርቶኑ ፌስታል ውስጥ አስቀምጪው። የሎት ቁጥሩንና የተሳሳተውን ጽሑፍ ፎቶ አንሺ፤ ደረሰኝ ካለሽም ያዢ። ሜድዋች በሚባለው የኤፍዲኤ መቀበያ በኢንተርኔት ሪፖርት አድርጊ፤ ለባለሱቁም ንገሪው። ልጅ ውጦ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ይቆይ፣ አሁኑኑ የመርዝ መቆጣጠሪያ መስመር ደውዪ።